ዜግነት የለኝም፣ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው፤ ካውንስሉ ፊት መናገር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዋርድ 4 ውስጥ ትንሽ የእንጀራና የቅመማ ቅመም ሱቅ አለኝ። ለአውቶቡስ መስመር ሲባል ከሱቄ ፊት ያለው ፓርኪንግ ሊነሳ ነው የሚል ወረቀት ደረሰኝ። ፓርኪንጉ ከተነሳ እንጀራ የሚያመጣልኝ መኪና የሚቆምበት የለውም። ደንበኞቼም ቆም ብለው፣ ገዝተው የሚሄዱ ናቸው። የእህቴ ልጅ ማክሰኞ ካውንስሉ ስብሰባ ስላለው ሄደሽ ተናገሪ አለችኝ። እኔ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለኝም። እንግሊዝኛዬም ለሥራ ያህል ነው። ብሄድ ያስገቡኛል? ብናገርስ በኋላ ችግር ያመጣብኛል? ለውጥ ያመጣል ወይስ ድካም ብቻ ነው? አሌክሳንድሪያ ሱቅ ያላት እህቴም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል፤ ለእሷም የሚሠራው ያው ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ገብተው መናገር ይችላሉ። ለመግባትም ሆነ ለመናገር ዜግነት የሚጠይቅዎ የለም። ማክሰኞ ግን ሱቅዎን ዘግተው አይሂዱ። የእህትዎ ልጅ በቅንነት ነው የመከረችዎ፤ ማክሰኞ የሚደረገው ግን የድምፅ መስጫ ስብሰባ ነው። አባላቱ ይከራከራሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ያጸድቃሉ። ሕዝቡ ተቀምጦ ያያል እንጂ ማይክ አይሰጠውም። ሰዎችን ለእንደዚህ ዓይነት ቀን በማዘጋጀት ሥራ ላይ ስላለሁ፣ የቀን ገቢያቸውን ትተው ሄደው አንድ ቃል ሳይናገሩ የተመለሱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ ተመልሰው አይሄዱም።

ሕዝብ የሚናገረው በኮሚቴ ሂሪንግ፣ ማለትም ኮሚቴው የሕዝብን ቃል በሚሰማበት ስብሰባ ላይ ነው። የዲሲ ካውንስል 13 አባላት አሉት። 8ቱ እያንዳንዳቸው አንድ ዋርድ፣ ማለትም አንድ የከተማውን የምርጫ ክፍል፣ ይወክላሉ፤ 4ቱ አት ላርጅ፣ ማለትም የመላው ከተማ ተወካዮች ናቸው፣ አንዱ ሊቀ መንበሩ ነው። ሥራቸውን በኮሚቴ ተከፋፍለውታል። የመንገድና የአውቶቡስ ጉዳይ የትራንስፖርትና የአካባቢ ኮሚቴ ድርሻ ነው። አንድ ረቂቅ ሕግ መጀመሪያ ኮሚቴው ዘንድ ይሄዳል፣ ኮሚቴው ሂሪንግ ይጠራል፣ ሕዝብ ይናገራል። ከዚያ ኮሚቴው ረቂቁን ያርማል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሙሉው ካውንስል ሁለት ጊዜ ድምፅ የሚሰጥበት። ማክሰኞ የሚያዩት የዚህን ሂደት መጨረሻ ነው።

የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይለያል። በአንድ ብሎክ ላይ ፓርኪንግ ይነሳ ወይስ ይቅር የሚለውን ካውንስሉ ድምፅ አይሰጥበትም። የሚወስነው ሰዉ ዲዶት የሚለው የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ካውንስሉ የዚህ መሥሪያ ቤት አለቃ ሳይሆን ተቆጣጣሪው ነው፤ በጀቱን ያጸድቅለታል፣ በየዓመቱ ጠርቶ ይጠይቀዋል። ስለዚህ እርስዎ ሁለት ቦታ ላይ መናገር አለብዎ። ቀድሞ የሚመጣው ደግሞ ካውንስሉ አይደለም።

የደረስዎትን ወረቀት አሁን ያውጡት። ብዙ ጊዜ «ኖቲስ ኦፍ ኢንቴንት»፣ ማለትም «ሊደረግ የታሰበ ለውጥ ማስታወቂያ»፣ የሚል ርዕስ አለው። ላዩ ላይ የፕሮጀክቱ ስም፣ አስተያየት የሚላክበት ኢሜይልና የመጨረሻ ቀን ይኖራል። የመጨረሻ ቀኑን ቀይ እስክሪብቶ ያክብቡበት። መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ዓይነት ለውጥ ከማድረጉ በፊት የሰፈሩን ኮሚሽን በጽሑፍ ማሳወቅና 30 ቀን መጠበቅ አለበት። ቅዳሜ፣ እሑድና የመንግሥት በዓል ከ30ው ውስጥ አይቆጠሩም፤ ስለዚህ ስድስት ሳምንት አካባቢ ይሆናል። ጊዜ ያለዎት ይመስላል። ግን ወረቀቱ እጅዎ ሲገባ ቆጠራው ከጀመረ ሰንብቶ ሊሆን ይችላል።

የሰፈሩ ኮሚሽን ያልኩት ኤኤንሲ የሚባለው ነው። ዲሲ ውስጥ ኖረው ስሙን ሰምተውት የማያውቁ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። እኔ ግን ከከተማው አስተዳደር ሁሉ ለእኛ ዓይነት ሰው በጣም የሚጠቅመው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማው ከ340 በላይ ትንንሽ ቀጣናዎች አሉት፤ በአንዱ ውስጥ 2000 ያህል ሰው ይኖራል። እያንዳንዱ ቀጣና አንድ ኮሚሽነር ይመርጣል። ኮሚሽነሩ ደመወዝ የለውም፣ የሥራ ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው። ጎረቤትዎ ነው ማለት ነው። ምናልባት እንጀራ የሚገዛዎት ሰው ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ኮሚሽኖች በዓመት ቢያንስ 9 ጊዜ መሰብሰብ አለባቸው። ስብሰባው ብዙውን ጊዜ ማታ ነው፤ ወይ በዙም፣ ወይ በቤተ መጻሕፍት፣ ወይ በትምህርት ቤት አዳራሽ። ሱቅ ዘግተው ይደርሳሉ። ሕጉ በየስብሰባው ነዋሪዎች ችግራቸውን የሚናገሩበት ጊዜ እንዲመደብ ያዛል። ነዋሪ ብቻም አይደለም፤ ጉዳዩ የሚነካው ሌላ ሰውም ይሰማል። ስለዚህ ቤትዎ ሌላ ሰፈር ቢሆንም፣ ሱቅዎ እዚያ ስላለ መናገር ይችላሉ።

ኤኤንሲ መወሰን አይችልም፤ ምክር ነው የሚሰጠው። ነገር ግን ምክሩን በጽሑፍ፣ በግልጽ ስብሰባ ላይ በድምፅ አጽድቆ ከላከ፣ መሥሪያ ቤቱ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ያነሳውን እያንዳንዱን ነጥብ በጽሑፍ መመለስ አለበት፤ ከተቃወመም ለምን እንደተቃወመ በዝርዝር መጻፍ አለበት። እርስዎ ብቻዎን የላኩት ኢሜይል ይህ ጉልበት የለውም። ስለዚህ ኤኤንሲው ዘንድ የሚሄዱት ለመናገር ብቻ ሳይሆን የውሳኔ ጽሑፍ ለማስወጣት ነው። ሬዞሉሽን ይሉታል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሱቅዎን አድራሻ በኤኤንሲው ድረ ገጽ ካርታ ላይ አስገብተው ኮሚሽነርዎ ማን እንደሆነ ያግኙ። ይህን የእህትዎ ልጅ በሁለት ደቂቃ ትሠራልዎታለች። ከስብሰባው በፊት አጭር ኢሜይል ይላኩ፤ ሱቁ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚጎዳ፣ ምን እንደሚፈልጉ። «በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ ይያዝልኝ» ብለው ይጠይቁ። ከተቻለ ኮሚሽነሩን ጠዋት ሱቅ ይጋብዙት። ሾፌሩ ሳጥኑን ሲያወርድ በዓይኑ ይይ። ከዚያ በኋላ በስብሰባው ላይ ስለ እርስዎ የሚናገረው እሱ ራሱ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ጥያቄዎ ይዘት አንድ ነገር ልበል። «ፓርኪንጉ አይነሳ» ካሉ፣ ከአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች ሁሉ ጋር ተጋጩ ማለት ነው። እነሱም ጎረቤቶችዎ ናቸው፤ ምናልባትም ደንበኞችዎ። ኮሚሽነሩ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም እርስዎን አይመርጥም። በዚያ ፈንታ በጣም ትንሽ፣ በጣም ግልጽ ነገር ይጠይቁ። ለምሳሌ ጠዋት ለተወሰነ ሰዓት ለአንድ መኪና የዕቃ ማራገፊያ ቦታ። ወይም ጥጉ ዞር ብሎ በጎን መንገድ ላይ ለአጭር ጊዜ ቆሞ ዕቃ ማንሻ ቦታ። ከተማው እንዲህ ዓይነት ቦታዎችን በየመንገዱ ሲመድብ የኖረ ነው፤ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም። አንድ ባለሥልጣን ያለ ብዙ ጣጣ «እሺ» ሊልዎ የሚችለው እንዲህ ዓይነቱን ነው።

የጎረቤት ነጋዴዎች ካሉ አብረው ይሂዱ። ፊርማ ካሰባሰቡ ከስሙ አጠገብ የሱቁ ወይም የመኖሪያው ብሎክ ይጻፍ። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ በቤተ ክርስቲያን የተሰበሰበ ረጅም ፊርማ ለእኛ ብዙ ይመስለናል። ኮሚሽነሩ ግን የሚፈልገው የራሱን ቀጣና ሰው ነው። ከዚያው ብሎክ የመጡ አሥር ስሞች ከመቶ የሩቅ ስሞች ይበልጡበታል።

አሁን ወደ ካውንስሉ እንምጣ። እንደ ዋርድ 4 ሰው እርስዎን የሚወክሉ 6 የካውንስል አባላት አሉ፤ የዋርድዎ አባል፣ አራቱ አት ላርጆችና ሊቀ መንበሩ። እያንዳንዳቸው ቢሮ፣ ስልክና የነዋሪ ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ አላቸው። ከዋርድዎ አባል ቢሮ ይጀምሩ። አባሉን ካላገኘሁ ብለው አይጨነቁ፤ ሠራተኛው ይበቃል። መሥሪያ ቤቱን ደውሎ የሚጠይቀው እሱ ነው። የእኛ ሰው «ትልቁን ሰው» ካላገኘ የተናገረ አይመስለውም። እዚህ ከተማ ግን ጉዳዮች የሚንቀሳቀሱት በሠራተኞች እጅ ነው። ስሙን ይያዙ፣ በስሙ ይጻፉለት፣ በሳምንቱ መልሰው ይጠይቁት።

ሂሪንግ ላይ የሚናገሩበት ዋናው ጊዜ ደግሞ አለ። በየዓመቱ ከክረምቱ መካከል፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ፣ ኮሚቴዎቹ መሥሪያ ቤቶችን አንድ በአንድ ጠርተው ያለፈውን ዓመት ሥራቸውን ይመረምራሉ። ፐርፎርማንስ ኦቨርሳይት ይባላል። ከዚያ ቀጥሎ ከንቲባው በጀት ሲያቀርብ የበጀት ሂሪንግ ይመጣል፤ ይህ ፀደይ ላይ ነው። በሁለቱም ጊዜ ማንኛውም ሰው ስለዚያ መሥሪያ ቤት ያለውን ይናገራል። ረቂቅ ሕግ መኖር የለበትም። ከጁላይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ግን ካውንስሉ እረፍት ላይ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሂሪንግ አይጠብቁ፣ ኢሜይልና ስልክ ይጠቀሙ።

ለመናገር መመዝገብ ያስፈልጋል። ምዝገባው በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ነው። የሂሪንጉ ማስታወቂያ ላይ የመመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን፣ የኮሚቴው ኢሜይልና ስልክ አለ። በአካል ወይም በዙም መሆኑን ይመርጣሉ፤ የትኛው እንደሚፈቀድ ማስታወቂያው ይነግርዎታል። ኮምፒውተር የማይመችዎ ከሆነ ወደ ኮሚቴው ቢሮ ደውለው «መናገር እፈልጋለሁ፣ አስተርጓሚም እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል።

አስተርጓሚውን በሚመዘገቡበት ቀን ይጠይቁ፣ አያቆዩት። ኮሚቴዎቹ ብዙ ጊዜ ቢያንስ 5 የሥራ ቀን ቀድመው እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ካለፈ ላይገኝ ይችላል። አብረው የሚጠይቁት ሌላ ነገር አለ፤ በአስተርጓሚ ሲናገሩ እያንዳንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚባል ደቂቃው እንዲጨመርልዎ። ካልጠየቁ ማንም አያስታውስልዎትም።

ከመሥሪያ ቤቶቹ ጋር ሲነጋገሩ ደግሞ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለልዎ። ዲሲ ውስጥ ከሕዝብ ጋር የሚገናኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በቋንቋዎ አስተርጓሚ ሊያቀርብልዎ ይገባል፣ በነጻ። በዚህ ሕግ ወሳኝ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስልክ ሲደውሉ «አማሪክ» ብለው ይጠብቁ፤ በስልክ ያገናኙዎታል። እምቢ ካሉ ለሰብዓዊ መብቶች ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ከንቲባው ሥር ያለው የአፍሪካውያን ጉዳይ ቢሮም ይረዳዎታል፤ እኛን ለማገዝ የተቋቋመ ነው።

የእህትዎ ልጅ ትተርጉምልኝ ብለው ካሰቡ ግን እባክዎ ይተዉት። ኢሜይል በመጻፍ ትርዳዎ፤ እዚያ ወንበር ላይ ግን ባለሙያ ይቀመጥ። ዘመድ ሲተረጉም ያሳጥራል፣ ያለሳልሳል፣ አንዳንዴም እርስዎ ያላሉትን ይከራከራል። እሷም ተጨንቃ ነው የምትወጣው።

አሁን ስለ ንግግሩ። ብዙውን ጊዜ የሚሰጥዎ 3 ደቂቃ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሰዓት አለ፣ ሲያልቅ ይጮኻል፤ ሰብሳቢውም ያቋርጥዎታል። የእኛ ባህል ሰላምታና ምስጋና ያስቀድማል፤ ክቡር ሰብሳቢ፣ ክቡራን አባላት፣ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁን… ሲተረጎም አንድ ደቂቃ ይሄዳል። ምስጋናውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱና ጥያቄዎን ቶሎ ይናገሩ። ታሪኩ ከጥያቄው በኋላ ይምጣ። እንዲህ ዓይነት ነገር ማለቴ ነው፦

«ስሜ እገሌ ነው። ዋርድ 4 ውስጥ የእንጀራና የቅመም ሱቅ አለኝ። የመጣሁት አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ከሱቄ አጠገብ ለአንድ መኪና የሚበቃ ቦታ ጠዋት ጠዋት ለዕቃ ማራገፊያ ይመደብልኝ። እንጀራዬ በየጠዋቱ በመኪና ነው የሚመጣው። ሾፌሩ ብቻውን ነው፣ ሳጥኖቹ ከባድ ናቸው። በአዲሱ ፕላን መኪናው ሕጋዊ ሆኖ የሚቆምበት ቦታ የለም። አንድ ቀን ደርቦ ቢቆም አውቶቡሱን ያግደዋል። መንገዱ የተቀየረው አውቶቡሱ እንዲፈጥን ነው፤ የማራገፊያ ቦታ ካለ አውቶቡሱም ይፈጥናል፣ እኔም ሱቄን አልዘጋም። ኤኤንሲያችን ይህንኑ የሚደግፍ ሬዞሉሽን አውጥቷል፤ ከጽሑፌ ጋር አያይዣለሁ። ሰብሳቢው የመሥሪያ ቤቱን ዳይሬክተር አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ይህ ቦታ ያልተመደበው ለምንድን ነው? ከመቼ በፊትስ ሊመደብ ይችላል?»

ይህ በአስተርጓሚ እንኳ ከ3 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። መጨረሻ ላይ ያለውን ጥያቄ ልብ ይበሉልኝ። ሂሪንጉ ላይ መጀመሪያ ሕዝቡ ይናገራል፣ የመንግሥት ሰዎች የሚቀርቡት ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንዴ በሌላ ቀን። እርስዎ ዳይሬክተሩን ፊት ለፊት ላያገኙት ይችላሉ። ሰብሳቢው ግን ያገኘዋል። ተዘጋጅቶ የተሰጠ፣ አጭር፣ መልሱ ቀን የሆነ ጥያቄ ሰብሳቢው እጅ ላይ ካለ፣ ሊያነሳው ይችላል። ባለሥልጣን ካሜራ ፊት የተናገረው ቀን ደግሞ በኋላ ሊጠየቅበት የሚችል ቃል ነው። ከሁሉም ነገር ይህንን አንድ ነገር ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ሂሪንጉ የሚደረግበት ስፍራ ዊልሰን ሕንፃ ነው፣ 1350 ፔንሲልቬንያ አቬኑ፣ ኖርዝዌስት። በሜትሮ ከመጡ ፌዴራል ትራያንግል ቅርብ ነው። በር ላይ ፍተሻ አለ፤ እንደ ኤርፖርት ቦርሳ ያሳልፋሉ። ዋናው አዳራሽ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ኮሚቴዎች ግን ትንንሽ ክፍሎችም ይጠቀማሉ፣ ስለዚህ የክፍሉን ቁጥር ከማስታወቂያው ላይ ይጻፉ። ስምዎን ከሌሎች ጥቂት ሰዎች ጋር በቡድን ይጠሩታል፤ አብረው ይቀመጣሉ፣ ተራ በተራ ይናገራሉ፣ ከዚያ አባላቱ ጥያቄ ካላቸው ይጠይቃሉ።

ፊትዎ የሚያዩት ምናልባት አንድ አባል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሰብሳቢው። ሌሎቹ ወንበሮች ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ያየ ሰው «ንቀውን ነው» ብሎ ልቡ ይሰበራል። ንቀት አይደለም። አባላቱ በየኮሚቴው ተበታትነው ነው የሚውሉት፤ ሠራተኞቻቸው ግን እየተከታተሉ ይጽፋሉ፣ ቪዲዮውም ይቀራል። ለአንድ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው ይናገሩ። ጥያቄ ከተጠየቁ ደግሞ ይደሰቱ፤ ያ ጊዜ ከ3 ደቂቃዎ ላይ አይቆጠርም። መልሱን ካላወቁ «አጣርቼ በጽሑፍ እልካለሁ» ማለት ፍጹም ተገቢ ነው።

መናገር ካልፈለጉ፣ ወይም ሱቁን የሚጠብቅልዎ ካጡ፣ በጽሑፍ መላክ ይቻላል። ከሂሪንጉ በኋላም መዝገቡ ለተወሰኑ ቀናት ክፍት ሆኖ ይቆያል። የጽሑፉ ቃል ከተነገረው እኩል መዝገብ ውስጥ ይገባል። ከተናገሩም ጽሑፉን ይላኩ፤ የማራገፊያውን ችግር የሚያሳይ አንድ ፎቶ አያይዙበት።

ችግር ያመጣብኛል ወይ ላሉት፣ ፍርሃቱ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ብዙዎቻችን ስብሰባ የምናውቀው ከቀበሌ ነው። ስም ይመዘገባል፣ የቀረ ይጠየቃል፣ የተናገረ ደግሞ በሌላ መንገድ ይጠየቃል። የዚህ አገር ሁኔታም፣ በተለይ ለስደተኛ፣ ጭንቀት የለበትም ብዬ አላታልልዎትም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አስተያየቱን ለመንግሥት የማቅረብ መብት ግን በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው፤ የካውንስሉ መመዝገቢያም ዜግነትዎን አይጠይቅም። ማወቅ ያለብዎ ግን የሚናገሩት ሁሉ የሕዝብ መዝገብ እንደሚሆን ነው። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል፣ ጽሑፉም ይታያል። ስለዚህ ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታዎ ምንም አይናገሩ፤ ለጉዳዩ አያስፈልግም። የቤትዎን አድራሻ፣ የልጆችዎን ስም፣ የግል ስልክዎን ጽሑፉ ውስጥ አያስገቡ። የሱቁ ሰፈር ይበቃል። ጎረቤትዎን ወይም ሌላ ነጋዴ በስም አይክሰሱ።

ከዚህ ጋር ሰዎች የሚያምታቱት ሌላ ነገር አለ። ዲሲ በ2022 ባወጣው ሕግ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ከ2024 ጀምሮ በከተማው ምርጫ፣ ኤኤንሲንም ጨምሮ፣ ድምፅ እንዲሰጥ ተፈቅዷል። ይህ ግን ከመናገር ጋር አንድ አይደለም። ድምፅ መስጠት በኋላ በዜግነት ማመልከቻ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ከመመዝገብዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። በፌዴራል ምርጫ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። ለመናገር ግን ጠበቃ አያስፈልግዎትም።

ለውጥ ያመጣል ወይ? ይህን ሳልሸፍን ልመልስ። ዘግይተው ከመጡ ብዙ ጊዜ አያመጣም። በ2018 የሆነውን የምግብ ቤት ሠራተኞች በደንብ ያስታውሱታል። ሕዝቡ በጁን ወር ኢኒሼቲቭ 77ን በድምፁ አጸደቀ፤ የቲፕ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ ቀስ በቀስ ከሌላው ጋር እኩል እንዲሆን የሚል ነበር። ካውንስሉ ሊሽረው ተነሳ። በሴፕቴምበር በተጠራው ሂሪንግ ላይ የመጣው ሰው ብዛት የማይታመን ነበር፤ ንግግሩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ድረስ ቀጠለ። ሰዎች ሥራ ቀርተው፣ ልጅ አስጠብቀው፣ ተራቸውን ሲጠብቁ አመሹ። ነገር ግን የመሻሪያውን ረቂቅ ቀድሞ በሐምሌው፣ በጁላይ፣ ከ13ቱ አባላት 7ቱ ፈርመውበት ነበር። ድምፁ ሲሰጥ 8 ለ 5 ተሻረ። ያ ሁሉ ሰው የመጣው ብዙው ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ንግግራቸው ከንቱ ነበር አልልም፤ ግን ከግማሹ ያነሰው ሰው በጁን መጨረሻ በየአባላቱ ቢሮ ቢሄድ ኖሮ የተሻለ ዕድል ነበራቸው ብዬ አምናለሁ።

ሌላውን ደግሞ የታክሲ ሾፌሮቻችን ያውቁታል። በ2011 የታክሲ ፈቃድ ሜዳሊያን በሚባል፣ ቁጥሩ በተወሰነ የፈቃድ ምልክት እንዲገደብ የሚል ረቂቅ ካውንስሉ ዘንድ ቀረበ። ሾፌሮቹ፣ ብዙዎቹ የእኛው ወገኖች፣ ገና ከመጀመሪያው ተደራጅተው ተቃወሙት፤ በስብሰባዎች ላይ ተገኙ፣ ተናገሩ። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። የወደቀው በእነሱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ግን ገና ሳይበስል ነበር የደረሱበት።

የእርስዎ ጉዳይ ከሁለቱም ያነሰ ነው፣ ይህ ደግሞ ጥቅምዎ ነው። አንድ የማራገፊያ ቦታ ለማግኘት 7 ድምፅ አያስፈልግም። አንድ ኢንጂነር ፕላኑን እንደገና እንዲያይ ማድረግ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ኢሜይሎች ይውጡ፤ አንዱ ለኮሚሽነርዎ፣ አንዱ ወረቀቱ ላይ ላለው የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ፣ አንዱ ለዋርድዎ የካውንስል አባል ቢሮ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይያዙ። ቀኑ ሳያልፍ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ በጽሑፍ መድረሱ ግዴታ ነው፤ በቃል የነገሩት ሠራተኛ ቢያዝንልዎም መዝገብ ውስጥ አይገባም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው ይህን ለሚያነቡ አንድ ቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ የከተማ ካውንስል የለውም፤ የሚያስተዳድረው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ካውንስሉ ሮክቪል ውስጥ ነው፣ 11 አባላት አሉት። ኤኤንሲ የሚባል ነገር እዚያ አይፈልጉ።

አሌክሳንድሪያ ላለችው እህትዎ መንገዱ ይለያል። እዚያም ኤኤንሲ የለም። የመንገድ ዳር ፓርኪንግን ጉዳይ የሚሰማ የትራፊክና የፓርኪንግ ቦርድ አለ፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ መናገርም ይቻላል። ከዚያ ትጀምር። የከተማው ካውንስል ከንቲባውን ጨምሮ 7 አባላት ነው ያሉት፣ እንደ ዲሲ በዋርድ አልተከፋፈሉም፤ ሁሉም የሁሉም ነዋሪ ተወካይ ናቸው። ካውንስሉ ቅዳሜ ጠዋት የሚያደርገው የሕዝብ ሂሪንግ ላይ ከአጀንዳ ውጭ ያለ ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው የሚናገርበት ጊዜ አለ። የተናጋሪ ቅጽ ቀድሞ ይሞላል፣ 3 ደቂቃ ይሰጣል። ቅዳሜ ለሱቅ ሰው ከባድ ቀን መሆኑን አውቃለሁ፤ ለከተማው ካውንስል ጸሐፊ ቢሮ ደውላ በጽሑፍ መላክ ወይም በዙም መናገር የምትችልበትን መንገድ ትጠይቅ። የአስተርጓሚውንም ነገር በዚያው ስልክ ትጨርስ።